የአውታሩ ድምፅና የሠሪው ስም

በአገራችን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ገዢዎች የሕዝቡን አሳብ ለመመርመር በፈለጉ ጊዜ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪስ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። አዝማሪው በመሰንቆው እየታገዘ የተናገረው ቃል ከአደባባይ ወደ እልፍኝ፥ ከእልፍኝም ወደ ጸሐፊ ብዕር እየተሸጋገረ ከብዙው ጥቂቱ ለእኛ ደርሶአል። ይሁን እንጂ መሰንቆውን ማን ጠረበው፥ ቆዳውንስ ማን ወጠረው ብሎ የጠየቀ፥ መልሱንም በጽሑፍ ያስቀመጠ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቃሉ ባለቤት ሲኖረው፥ ቃሉን ያጀበው ዕቃ ግን ከሰማይ እንደ ወረደ ወይም ከምድር እንደ በቀለ ሁሉ ባለቤት የሌለው ሆኖ ቀርቶአል።

እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚሁ ስለ ተረሳው ሰው፥ ይኸውም ስለ መሰንቆ፥ ስለ ክራርና ስለ በገና ሠሪ ነው። ለንግግራችን መነሻ እንዲሆነን ሰቆጣንና የዋግ ኽምራን ደጋ መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ አገሩ ጥንታዊ የመንግሥት ታሪክ ያለው ሆኖ ሳለ የእጅ ሥራ ታሪኩ ገና በሚገባ ያልተነገረለት መሆኑ ነው። ሁለተኛውም፥ አንድ ሠሪ ለሥራው ከሚፈልገው ነገር አብዛኛውን ይህቺው ምድር የምታበቅልና የምታረባ መሆንዋ ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች አሮጌ ከተማ ናት። ቀድሞ በጠቅላይ ግዛቶች ዘመን ዋግ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበረ፤ ዛሬ ሰቆጣ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ኽምራ የሚባሉት አገዎች ኽምጣና የሚባል የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በአማርኛም ይነጋገራሉ። አገሩ ደጋው ብርድ፥ ወደ ተከዜ የሚወርደው ቆላው ደግሞ ሐሩር ነው። ዝናቡ የሚያጥርበት፥ ገበሬው ከድንጋይ ጋር እየታገለ የሚያርስበት ምድር ነው።

ከዚህችና ከጎረቤትዋ ከላስታ ምድር የዛጉዌ ነገሥታት ወጥተዋል። በ1270 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መንግሥት ወደ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ከተላለፈ በኋላ፥ የዛጉዌ ወገን ነን የሚሉት የአገሩ ባላባቶች «ዋግ ሹም» በሚል ማዕረግ ምድራቸውን ሲገዙ ኖረዋል። ከክብራቸውም ምልክቶች አንዱ በነጋሪት መታጀብ እንደ ነበረ ይተረካል። ከዚሁ ቤት የተወለዱት ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አገር ድምፅ የሹመት ማስረጃ ነበረ። ነጋሪቱ ሲመታ የሹሙ ስም ይጠራል፤ ነጋሪቱን የጠፈረው ሰው ስም ግን አይጠራም።

ሰቆጣ በገበያዋ ደግሞ ከነገሥታቱ ታሪክ ያላነሰ ዝና ነበራት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአፋር በረሃ የሚወጣው የአሞሌ ጨው በአህያ፥ በበቅሎና በግመል እየተጫነ ከሚያልፍባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ሰቆጣ ነበረ። ከጨው ጋር ማሩና ሰሙ፥ ቆዳውና እህሉ ይገናኛል። የሰቆጣ ነጭ ማር እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል። በቆላው የሚረባው የአበርገሌ ፍየል በከብት ሊቃውንት ዘንድ በራሱ ስም የታወቀ ዘር ነው። በተከዜ ሸለቆ ዳገት ላይ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍም ለቤተ ክርስቲያንና ለንግድ የሚሆነውን ዕጣን ይሰጣል።

እንግዲህ እነዚህን ነገሮች መሰንቆ ሊሠራ በተነሣ ሰው ዐይን እንመልከታቸው። ፍየሉ ቆዳ ይሰጣል። ፈረሱ የጭራ ጠጉር ይሰጣል። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያና በየወንዙ ዳር የቀረው ዛፍ እንጨት ይሰጣል። የዕጣኑ ዛፍ ጠጉሩ የሚታሽበትን ሙጫ ይሰጣል። የማይገኘውን ገበያው ያመጣዋል። ስለዚህ መሰንቆ በባለጠጋ ቤት ብቻ የሚገኝ ዕቃ አልሆነም፤ ገንዘብ የሌለው ግን እጅና ትዕግሥት ያለው ሰው ሊሠራው የሚችል ዕቃ ሆኖ ኖረ። ብዙ ጊዜም ሠሪውና ተጫዋቹ አንድ ሰው ነው። አዝማሪ ልጁን ማንጎራጎር ሲያስተምረው ቆዳ መወጠርንም አብሮ ያስተምረዋል።

የመሰንቆ አሠራር ለሚያየው ቀላል ይመስላል። አራት ጣውላዎች ተገጣጥመው እንደ ዓይነ ርግብ በጫፋቸው የቆሙ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናሉ። አንድ ረዥም ዘንግ ከሳጥኑ ጋር ይያያዛል፤ በዘንጉም ራስ ላይ አውታሩን የሚያጠብቅና የሚያላላ መቃኛ ይሰካል። ሳጥኑም በቆዳ ይለበጣል። አውታሩ ብዙ የፈረስ ጭራ በአንድነት ተሰብስቦ የሚሠራ ነው፤ ደጋኑም እንዲሁ በፈረስ ጭራ የተወጠረ ጎባጣ እንጨት ነው። በቆዳው ላይ አውታሩን ደግፎ የሚያቆም ትንሽ ብርኩማ ይደረጋል። ይኸው ነው። ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፤ አንዱን አውታር ብዙ ድምፅ የሚያደርገው የተጫዋቹ ጣት ብቻ ነው።

ነገር ግን ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት እንጨትና አንድ ዓይነት ቆዳ ይዘው ቢሠሩ፥ የአንዱ መሰንቆ ሲናገር የሁለተኛው ሊያንጎራጉር ብቻ ይችላል። ልዩነቱ ያለው በጥቃቅኑ ነገር ነው። እንጨቱ ሳይደርቅ የተሠራ እንደ ሆነ በኋላ ይጣመምና መጋጠሚያው ይከፈታል። ቆዳው ሲፋቅ ከመጠን በላይ የሳሳ እንደ ሆነ ይቀደዳል፤ የወፈረ እንደ ሆነም ድምፁን ይውጠዋል። ቆዳ የሚወጠረው እርጥብ ሳለ ነው፤ ሲደርቅ ራሱ እየተኮማተረ ይጠብቃል። ስለዚህ ሠሪው እጁ ላይ ያለውን እርጥብ ቆዳ ሲስብ፥ ከጥቂት ቀን በኋላ ደርቆ ምን ያህል እንደሚጠብቅ አስቀድሞ በልቡ መገመት አለበት። ይህን የሚለካ መሣሪያ የለውም። የሚለካው በጣቱና በጆሮው ነው፤ ቆዳውን መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል። አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ያሉት እንደዚህ ላለው ዕውቀት በእርግጥ ይስማማል።

የዕጣኑም ነገር እንዲሁ ነው። ጠጉር በጠጉር ላይ በባዶው ቢሳብ ይንሸራተታል እንጂ አይጮኽም። ሙጫው ሲታሽበት ግን ደጋኑ አውታሩን ይዞ ይስበዋል፤ ይለቀዋል፤ እንደ ገና ይይዘዋል። ይህ መያዝና መልቀቅ ዐይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። የአውሮፓ ቫዮሊን ተጫዋችም ደጋኑን በዛፍ ሙጫ የሚያሸው በዚሁ ምክንያት ነው። የተከዜ ሸለቆ አዝማሪ ግን ለዚህ ነገር ሩቅ አገር መላክ አላስፈለገውም።

ወደ በገና ስንመጣ ሥራው ይከብዳል፤ ክብሩም ይጨምራል። በገና ገበቴው ከእንጨት ተፈልፍሎ በበሬ ቆዳ የሚለበጥ፥ ሁለት ምሰሶዎችና በላያቸው የተጋደመ ቀንበር ያሉት፥ 10 አውታሮች ያሉት መሣሪያ ነው። የ10ሩ አውታር ቁጥር በ10ሩ ቃላተ ኦሪት እንደሚመሰል መምህራኑ ያስተምራሉ። አውታሩ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። አንጀቱ ይታጠባል፥ ስቡና ሥጋው እስኪለቅ ድረስ ይፋቃል፥ ይገመዳል፥ ተወጥሮም ይደርቃል። በብርኩማውና በአውታሮቹ መካከል እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቍራጮች ይገባሉ። በገና ሲደረደር የምንሰማውን ያንን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። እንዚራው በፀጉር ስፋት ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ያለ እንደ ሆነ አውታሩ ድምፁን ያጣል። ስለዚህ በገና ሠሪ እንጨት ጠራቢ፥ ቆዳ ፋቂ፥ አንጀት ገማጅና ድምፅ መርማሪ መሆን አለበት። አራት ሙያ በአንድ ሰው ማለት ነው።

በገና ደርዳሪ በታሪካችን የተከበረ ሰው ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ የመዝሙረ ዳዊት ብራናዎች ንጉሥ ዳዊት ከነበገናው ተሥሎ ይታያል። ወግ እንደሚለው በገናን ከኢየሩሳሌም ያመጣው ቀዳማዊ ምኒልክ ነው። በመኳንንትና በወይዛዝርት ቤት በገና መደርደር እንደ መልካም አስተዳደግ ይቈጠር ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በገና ደርዳሪ እንደ ነበሩ ይነገርላቸዋል። በዐቢይ ጾም ከበሮውና እልልታው ጸጥ ሲል ሰው ነፍሱን የሚመረምርበት መሣሪያ ይኸው በገና ነው።

የሠሪው ዕድል ግን ከዚህ የተለየ ነበረ። ቆዳ የሚፍቀው ሰው «ፋቂ» ተብሎ ይሰደባል፤ ብረት የሚቀጠቅጠው «ቡዳ» ተብሎ ይፈራል፤ ሸማኔውም ይናቃል። በገናውን በእልፍኙ ግድግዳ ላይ በክብር የሚሰቅለው ሰው፥ የበገናውን ቆዳ ፍቆ ያመጣለትን ሰው ከደጁ ሊያልፍ የማይፈቅድበት ጊዜ ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገሪቱን ባለ እጅ እያሳጣት መሆኑን ተረድተው፥ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠራ የሚሰድብን ሰው የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የልብ ልማድ በአንድ ቀን ዐዋጅ አይለወጥም። ሠሪው ስሙን በሥራው ላይ ለመጻፍ ያልደፈረበት፥ ጸሐፊውም ስሙን ለመጠየቅ ያላሰበበት አንዱ ምክንያት ይህ ንቀት ይመስለናል። ስሙ የሚያሰድበው ሰው ስሙን ይደብቃል እንጂ አይጽፍም።

ታዲያ ስም ከሌለ የሠሪዎቹን ታሪክ ከምን እናገኘዋለን? መልሱ ራሱ ከዕቃው ነው። ለዚህም አንድ ምስክር እንጥራ። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በአገራችን ተቀምጦ ነበር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ቻርልስ በርኒ ለተባለ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ በላከው ደብዳቤ ስለ ኢትዮጵያ የዜማ መሣሪያዎች ገልጾአል፤ ደብዳቤውም በ1776 እ.ኤ.አ. ታትሞአል። በውስጡም ስለ ባለ አውታሩ መሣሪያ ሲናገር፥ ጥንት ሁለቱ ክንዶቹ አጋዘን ብሎ ከጠራው አውሬ ጠምዛዛ ቀንድ ይሠሩ እንደ ነበር ይነግረናል። በኋላ ግን በትግሬ ምድር ጠመንጃ በዝቶ፥ ዱሩም ተቈርጦ፥ አውሬው ሲጠፋ ሠሪዎቹ ክንዱን ከቀላል ቀይ እንጨት ማድረግ ጀመሩ። እንጨቱን ሲቀርጹት ግን የጥንቱን ቀንድ አስመስለው እንዲጠማዘዝ ያደርጉት ነበር። አውታሩ ከበግና ከፍየል ጥሬ ቆዳ ተሰንጥቆ የሚገመድ መሆኑን፥ በደረቅ ወራት እንደሚበጠስ፥ በእርጥብም ወራት ድምፁ እንደሚጠፋ ጨምሮ ጽፎአል።

ይህን ቃል ቆም ብለን እናስበው። ትግሬ የዋግ ጎረቤት ነው፤ በመካከላቸው የጨው ነጋዴ ሲመላለስ የኖረበት መንገድ አለ። ብሩስ የጻፈው ስለ አንድ የጥበብ ሠራተኞች ወገን ነው፤ የአንዱንም ስም አልጻፈም። ቢሆንም የእጃቸውን አሳብ ሳያውቀው ጽፎልናል። ቀንዱ ከጠፋ በኋላ እንጨቱን ያለ ምንም ጠመዝማዛ ቀጥ አድርጎ መቅረጽ ይቀል ነበር። ሠሪው ግን የአባቱን ሥራ መልክ ላለመርሳት ሲል ቀላሉን ትቶ ከባዱን መረጠ። እንዲህ ያለው ሰው ብራና ባይጽፍም ታሪክ ጸሐፊ ነው። ይልቁንም ጠመንጃው መብዛቱን፥ ዱሩ መመንጠሩንና አውሬው መጥፋቱን በአንድ የክራር ክንድ ላይ አስቀርቶልናል።

በሌላው ዓለም ሠሪው እንዴት ስም እንዳገኘ ለማየት አንድ ምሳሌ ከእስጳንያ አገር እንውሰድ። በደቡብ እስጳንያ፥ አንዳሉሲያ በሚባለው ምድር፥ ፍላሜንኮ የሚባል የዘፈንና የጭፈራ ዓይነት አለ። የሚያጅበውም ጊታር ነው። የዛሬውን የእስጳንያ ጊታር መልክና መጠን በማቃናት ስሙ የሚጠራው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ በ1817 እ.ኤ.አ. በአልሜሪያ አጠገብ ተወለደ፤ በ1892 ሞተ። ይህ ሰው የቤተ መንግሥት ሊቅ አልነበረም። አናጢ ነበር። በሰቪሊያና በአልሜሪያ በትንሽ የእጅ ሥራ ቤት ተቀምጦ ጊታሮቹን አንድ በአንድ ይሠራ ነበር።

የቶሬስ ሥራ ከእኛ ሠሪዎች ሥራ ጋር የሚነጻጸርበት ነገር ብዙ ነው። ለባለጠጋው ከባሕር ማዶ በመጣ ውድ እንጨት፥ ለድኻው ተጫዋች ደግሞ በዚያው አገር በሚበቅለው ርካሽ የጥድ ዓይነት ይሠራ ነበር። ይህም ዛፍ በእኛ አገር የፈረንጅ ጥድ ከምንለው ጋር የአንድ ወገን ነው። የድኻው ጊታር ቀላል፥ ድምፁም ቶሎ የሚወጣና ቶሎ የሚጠፋ ስለ ሆነ ለፍላሜንኮ ይበልጥ ተስማማ። እስከ ዛሬም የፍላሜንኮ ጊታር በዚሁ እንጨት ሲሠራ ይኖራል። ሲያልቅም በስሱ ይቀባል እንጂ ወፍራም ቀለም አይለብስም፤ ቀለም የበዛበት እንጨት እንደ ልቡ አይነዝርምና። በ1862 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶሬስ አንድ አስደናቂ ነገር አደረገ። የጊታሩን ጀርባና ጎን ከካርቶን ሠርቶ ፊቱን ብቻ ከመልካም እንጨት አደረገው። ጊታሩም ተናገረ። በዚህም የድምፁ ምንጭ ከሁሉ ይልቅ ፊቱ መሆኑን አስረዳ። መሰንቆ ሠሪው ከጣውላው ይልቅ ለቆዳው ሲጨነቅ የኖረው ይህንኑ ነገር በራሱ መንገድ ስለሚያውቅ ነው።

እንግዲህ የቶሬስ ስም በዓለም ሲጠራ የእኛዎቹ ስም የጠፋው ስለ ምንድር ነው? የእርሱ ጥበብ ከእነርሱ ስለ በለጠ ብቻ ነው ብለን አናምንም። አንዱ ምክንያት ትንሽ ወረቀት ነው። ቶሬስ በጊታሩ ሆድ ውስጥ ስሙን፥ የሠራበትን ከተማና ዓመቱን የያዘ ወረቀት ይለጥፍ ነበር፤ በኋለኛው ዘመኑም ተራ ቁጥር ጨመረበት። ሰውየው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ሊቃውንት ጊታሮቹን ሰብስበው፥ በየትኛው ዓመት ምን እንዳሻሻለ ለይተው ለመጻፍ የቻሉት በዚህ ወረቀት ብርታት ነው። ከዚያም ወዲህ የተነሡ ጊታር ሠሪዎች እርሱ ከደረሰበት ጀምረው ወደ ፊት ሄዱ። የእኛ ሠሪ ግን አባቱ ያስተማረውን ያህል ያውቃል፤ አባቱ ሳያስተምረው የሞተ እንደ ሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በእኛ አገር ድምፅን ለማስቀረት ያልተደከመ አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ሳሉ ድምፃቸው በሸክላ ተቀርጾአል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም እንሰማዋለን። በአዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የአገራችንን መሣሪያዎች በትምህርት ክፍል ውስጥ አስገብቶአል፤ በ1960ዎቹ ዓመታት መምህር ዓለሙ አጋ በገና አስተምረውበታል። ይህ የበገና ትምህርት በደርግ ዘመን ተቋርጦ፥ በኋላ በልዩ ልዩ ቦታ እንደ ገና ተነሥቶአል። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምም የዜማ መሣሪያዎችን ሰብስቦ ያሳያል። እነዚህ ሁሉ የሚያስመሰግኑ ናቸው። ሆኖም ዜማው ተቀርጾ፥ ደርዳሪው ታውቆ፥ ዕቃውም በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የሠሪው ቦታ ባዶ እንደ ሆነ ነው።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ የሚያስቸኩል ሆኖአል። የአንጀት አውታር በናይሎን ክርና በሽቦ እየተተካ ነው። ይህ ብቻውን ጥፋት ነው አንልም። በአውሮፓና በአሜሪካም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀት ለቍስል መስፊያ ተፈልጎ ስለ ጠፋ፥ የጊታር አውታር በ1940ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ወደ ናይሎን ተለውጦአል። ተጫዋቹ ናይሎኑን መምረጡ መብቱ ነው። የሚያሳዝነው አንጀት የሚገምደው የመጨረሻው ሰው ሙያውን ሳይጽፍና ሳያስተምር ያረፈ እንደ ሆነ፥ መምረጥ የሚባለው ነገር ራሱ መቅረቱ ነው። በየከተማው ደግሞ ለእንግዳ መታሰቢያ እንዲሆን የሚሠራ መሰንቆና ክራር በዝቶአል። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል፤ ሲቃኝ ግን አይቃኝም። ገዢው ድምፁን ካልጠየቀ ሠሪው ለቆዳው የሚጨነቅበት ምክንያት ያጣል፤ ከጥቂት ዘመንም በኋላ መጨነቁን ይረሳል።

በዋግ በኩል ሌላም ፈተና አለ። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅና ረኃብ የዋግንና የላስታን ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሎአል። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ደርሶበት ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ትቶ ተሰድዶአል። ሰው ሲሸሽ ልጁንና ጥቂት ስንቁን ይይዛል እንጂ መሮውንና የሚደርቀውን እንጨት አይሸከምም። እንጨቱም ራሱ እንደ ልብ አይገኝም፤ በብዙ ስፍራ የቀረው ጥንታዊ ዛፍ በአብያተ ክርስቲያናት አጥር ግቢ ያለው ነው። ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት ስለ አጋዘኑና ስለ ዱሩ የጻፈው ታሪክ በእንጨቱ ላይ ሊደገም እንደሚችል ከአሁኑ ማሰብ ይገባል። ቀንዱ በጠፋ ጊዜ እንጨት ነበረ፤ እንጨቱም የጠፋ እንደ ሆነ ሠሪው ወደ ምን ይመለሳል?

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ በትሕትና እናቀርባለን። ከሁሉ አስቀድሞ፥ ከእንግዲህ ወዲህ መሰንቆ፥ ክራር ወይም በገና የሚሠራ ሰው ሁሉ ገበቴውን በቆዳ ከመልበጡ በፊት ስሙን፥ አገሩን፥ ዓመተ ምሕረቱንና የእንጨቱን ዓይነት በውስጥ በኩል ቢጽፍ መልካም ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥቁር ቀለምና የደቂቃ ጊዜ ይበቃል። መጻፍ የማይችል ሠሪ ቢኖር ተማሪው ልጁ ይጻፍለት። የሚገዛውም ሰው «ስምህን ጽፈሃል?» ብሎ ቢጠይቅ የሠሪውን ክብር ከፍ ያደርጋል።

ሁለተኛ፥ በሰቆጣና በዙሪያዋ፥ በሌላውም አገር ያላችሁ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ወደ እነዚህ ባለ እጆች ብትልኩ ጥሩ የታሪክ ትምህርት ይሆናቸዋል። ጥያቄው ቀላል ነው። እንጨቱ በየትኛው ወር ይቈረጣል? ስንት ጊዜ ይደርቃል? ቆዳው በምን ይፋቃል? አንጀቱ እንዴት ይገመዳል? ይህን ከማን ተማሩ? ያ ሰውስ ከማን ተማረ? የእያንዳንዱ ክፍል ስም በአማርኛ ምንድር ነው፥ በኽምጣናስ ምን ይባላል? መልሱ በተማሪው ደብተር ላይ በተጻፈ ጊዜ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሊቀበር የነበረ ዕውቀት ዳነ ማለት ነው። ተማሪውም ታሪክ በነገሥታት ዘንድ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቱም ቤት እንደሚገኝ ይማራል።

ሦስተኛ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን ያላችሁ ሰዎች ስለ ባህል ስትመክሩ ከተጫዋቹ ጋር ሠሪውንም አስቡት። በዓል ሲደረግ አዝማሪው እንደሚጠራ፥ መሰንቆውን የሠራውም ይጠራ። ሙዚየም አንድ በገና ሲገዛ የሠሪውን ስም ሳይመዘግብ አይግዛ። ችግኝ በሚተከልበት ወራት ለማገዶና ለቤት ከሚሆነው ዛፍ ጋር ዋንዛውና ወይራው ይተከል፤ ዛሬ የሚተከለው ዋንዛ የልጅ ልጃችን መሰንቆ ነውና።

ያለፈውን ስም ልንመልሰው አንችልም። በብራናው ላይ ንጉሥ ዳዊት የያዘውን በገና አይቶ የሣለው ሠዓሊ በገናውን የሠራለትን ሰው በስሙ ያውቀው ይሆናል፤ እኛ ግን አናውቀውም። እንጨቱን እንደ ቀንድ ያጠማዘዘውንም ሰው አናውቀውም። በእጃችን ያለው የዛሬው ሠሪ ነው። ምናልባት በዚህች ሰዓት በሰቆጣ ደጋ በአንዲት ጎጆ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው እርጥብ የፍየል ቆዳ ወጥሮ በጣቱ መታ መታ እያደረገ ያዳምጥ ይሆናል። ቆዳው ከመድረቁ በፊት ስሙን ብንጠይቀው ይነግረናል።